ስምና መንደር የተጻፈበት ድንጋይ

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ቢችወርዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1852 ወርቅ ተገኘባትና ከየአገሩ ሰው ጎረፈባት። ዛሬ ወርቁ የለም። ወደ መቃብር ስፍራዋ የሚዘልቅ ጎብኚ ግን እ.ኤ.አ. በ1857 የተሠሩ ሁለት የጡብ ማማዎችን ያገኛል። ቻይናውያን ለሙታኖቻቸው የወረቀት ገንዘብና ጸሎት የሚያቃጥሉባቸው ናቸው። በዙሪያቸው ወደ 2,000 የሚጠጉ ቻይናውያን እንዳረፉ ይገመታል።

እነማን ነበሩ? አብዛኞቹ ከደቡብ ቻይና፣ ከጓንግዶንግ፣ ድህነትና ጦርነት ያባረራቸው ናቸው። ለመርከቡ ዋጋ የተበደሩም ብዙ ነበሩ። የቪክቶሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1855 በሕግ በእያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ 10 ፓውንድ የመግቢያ ግብር ጣለ። እነሱም በጎረቤት ግዛት ሮብ በምትባል ወደብ እየወረዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጓዙ። በዚህ መንገድ የመጡት ከ10,000 በላይ ናቸው።

መከራው በግብሩ አላበቃም። ሐምሌ 4 ቀን 1857 እ.ኤ.አ. ከቢችወርዝ በማይርቀው በበክላንድ ወንዝ ነጭ የማዕድን ቆፋሪዎች ቻይናውያኑን ከሸለቆው አባረሩ፤ ድንኳናቸውንና ቤተ መቅደሳቸውን አቃጠሉ። የሞቱም ነበሩ። ተከሳሾቹ ለሕዝብ ዳኞች ሲቀርቡ አብዛኞቹ በነጻ ተለቀቁ።

አሁን ወደ መቃብሩ እንመለስ። በየድንጋዩ ላይ በቻይንኛ የሟቹ ስም፣ አውራጃውና መንደሩ ተቀርጿል። ለምን መንደሩ? አጽሙ አንድ ቀን ተቆፍሮ ወደ አገሩ ይመለሳል የሚል ተስፋ ስለነበር ነው። እንደ ሲ ያፕ ያሉ የአገር ልጆች ማኅበራት መዋጮ እየሰበሰቡ ችግረኛውን ይረዱ፣ ሟቹን ይቀብሩ ነበር። ይህንን እኛ እድር እንለዋለን። በአሜሪካም ሆነ በአረብ አገራት አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚዋጣውን ገንዘብ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ያንን ድንጋይ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 የቪክቶሪያ መሪ ዳንኤል አንድሪውስ ስለዚያ ግብር የቻይናውያኑን ዘሮች በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። «ከ160 ዓመት በኋላ ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። ለሟቹ በእርግጥ አይረባም። ለልጅ ልጆቹ ግን አያታቸው ሰው እንደነበሩ መንግሥት በአንደበቱ መሰከረላቸው። ይቅርታውም ባዶ ቃል ያልሆነው ግብሩ በሕግ መዝገብ፣ ሰዎቹም በድንጋይ ላይ ተጽፈው ስለተገኙ ነው።

የእኛስ? በቀይ ባሕርና በየመን በረሃ ያለቁ ስንት ልጆቻችን ስማቸው ሳይታወቅ ተቀብረዋል! ነገ ይቅርታ የሚጠይቅ ቢመጣ እንኳ «ለማን?» ሲል ምን እንመልስለታለን? ሐውልት ለማቆም አቅም ላይኖረን ይችላል። ስም፣ መንደርና ቀን በደብተር ለመጻፍ ግን አንድ የእድር ጸሐፊ ይበቃል። በየሰፈራችሁ ወጥቶ የቀረ ልጅ ካለ ዛሬውኑ ይጻፍ።