ቶሬ፣ ቴዎፊል (1807–1869 እ.ኤ.አ.)

ፈረንሳዊ ጋዜጠኛና የሥነ ሥዕል ሐያሲ። በላ ፍሌሽ ተወልዶ ሕግ ከተማረ በኋላ፣ ሳሎን ስለሚባለው የፓሪስ የሥዕል ትርኢት በጋዜጣ እየጻፈ ለሠዓሊዎቹ ለዴላክሯና ለቴዎዶር ሩሶ ጥብቅና ቆመ። በ1848ቱ አብዮት የሪፐብሊክ ደጋፊ ጋዜጣ መሥርቶ ነበርና፣ በማግሥቱ ዓመት ተሰድዶ ዐሥር ዓመት ያህል በባዕድ አገር ሲኖር፣ ዊልያም ቢርገር በሚል የብዕር ስም የሆላንድን ቤተ መዘክሮች መረመረ።

ከስደቱ አስቀድሞ፣ በ1842፣ በሄግ ቤተ መዘክር «የዴልፍት ትእይንት» የተባለውን ሥዕል አይቶ እጅግ ተደንቆ ስለ ነበር፣ ተረስቶ የኖረውን የሥዕሉን ሠዓሊ ፌርሜርን በ1866 ባሳተማቸው ጽሑፎች ከመቃብረ ዝንጋዔ አወጣው። ለሠዓሊው ከሰጣቸው ከ70 በላይ ሥዕሎች መካከል ግን ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ የያኮቡስ ፍሬል የመንገድ ሥዕሎች፣ የሌሎች እጅ ሥራ መሆናቸው ኋላ ታውቋል። በፓሪስ ዐረፈ።