በአማርኛ የወደቁት

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በወለጋ ወግ «ኤሱማ» የምንላቸው፣ ከቆርቆሮ ሣጥናቸው ውስጥ አጥፈው ያስቀመጧት አንዲት ወረቀት አለች። የመሬት ግብር ደረሰኞችና የልጆቻቸው የክትባት ካርዶች መካከል ተጋድማ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። የማትሪክ ውጤት ናት፤ ዘመኑ 1963 ዓ.ም.። ሒሳብ አልፈዋል፣ ፊዚክስ አልፈዋል፣ እንግሊዝኛ እንኳ አልፈዋል። ከአማርኛ ፊት ለፊት ግን «ኤፍ» የምትባለው ፊደል ቆማለች።

ኤሱማ በዓመቱ ደግመው ተፈተኑ፤ ደግመው ወደቁ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ሲጠብቁ ነው። እኔ የእኅታቸው ልጅ ደግሞ ቀን ከባንክ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ፤ በአማርኛ። እርሳቸው የወደቁበት ቋንቋ ለእኔ እንጀራም ጨዋታም ሆነኝ። ይህ ነገር ለብዙ ጊዜ አላሳሰበኝም ነበር። ካሳሰበኝ ወዲህ ግን፣ ውድ አንባቢ፣ «ለመሆኑ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ለመግባት ቋንቋን መመዘኛ ያደረገው ማን ነው? ከመቼስ ጀምሮ?» እያልሁ መጠየቅ ያዝሁ።

መመዘኛውማ ከዩኒቨርሲቲም በፊት ነበረ። የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ያየ ሰው ዛሬ «የምደባ ፈተና» የሚባለው ነገር አዲስ አይሆንበትም። ቅኔ ሊማር የመጣ ተማሪ ከየትም ይምጣ ከየት የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ያ ሲሳካለት ሦስት ቤት ወዳላት ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ሰዓት የተመደበለት፣ ወረቀት የታደለበት ፈተና የለም። ተማሪው ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ይዞ መጥቶ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል፤ ከተሰበረ ይታረምለታል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። ፈተናው በየቀኑ ነው፤ ስለዚህም አንድ ቀን ወድቆ ለዘለዓለም የሚቀር የለም። ደግሞም ግእዝ የማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አልነበረም። የጎጃሙም የሸዋውም ተማሪ ከግሡ እርባታ ፊት እኩል ባዕድ ነበር። (እኩል ስል ማብራሪያው የሚሰጠው በአማርኛ እንደነበረ ዘንግቼ አይደለም። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።)

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት አቡነ ማቴዎስ ሃይማኖት እንዳይበረዝ ሰግተው ስለነበር መምህራኑ ከግብፅ ኮፕቶች መካከል እንዲመጡ ተደረገ። ከዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች መካከል ቋንቋዎች ነበሩበት። ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣልያንኛ፣ ዐረብኛና አማርኛ። በዚያን ጊዜ መንግሥት የሚፈልገው ከውጭ ሰው ጋር የሚነጋገርለትን አስተርጓሚና ጸሐፊ ነበርና ልሳን ማወቅና መማር አንድ ነገር ሆኑ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛን ከፍ ባለ ወንበር ላይ አስቀመጠው። የጅቡቲው ባቡር ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የዲፕሎማቱም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር።

ጣልያን መጥቶ ከሄደ በኋላ ግን እንግሊዞች ከነቋንቋቸው ገቡ። ፈረንሳይኛ ከወንበሩ ተነሣ፤ እንግሊዝኛ ተቀመጠበት። ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል። የተፈሪ መኰንንን ትምህርት ቤት ከጦርነቱ በኋላ እንዲመሩ የተጠሩት ሉሲየን ማት ከካናዳ የመጡ፣ አፋቸውን በፈረንሳይኛ የፈቱ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋምም መሪው እርሳቸው ሆኑ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ካህን ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ኮሌጅ መሠረቱ።

የባንክ ሰው ነኝና አንድ የባንክ ምስክር ልጥራ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የብር ኖት በአማርኛ «ብር» ይላል፤ በእንግሊዝኛው በኩል ግን «ዶላር» ነው የሚለው። አንድ ወረቀት ሁለት ስም! እስከ አብዮቱ ድረስ በእንግሊዝኛ የሚያነብ «የኢትዮጵያ ዶላር» ነበር የሚለው። የዩኒቨርሲቲውም በር እንደዚያ ኖት ባለ ሁለት ፊት ነበር።

አንዱ ፊት እንግሊዝኛ ነው፤ ትምህርቱ በሙሉ የሚሰጥበት። ሌላው ፊት አማርኛ ነው። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዝዞ ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 የንጉሠ ነገሥት መንግሥቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አማርኛ መሆኑን ደነገገ። በ1956 የትምህርት ዘመን ደግሞ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ወደ ላይ ስንወጣ ማትሪክን እናገኛለን። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግረው ውጤት አማርኛን፣ እንግሊዝኛንና ሒሳብን ከሌሎች ትምህርቶች ጋር ማለፍን ይጠይቅ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የኤሱማ ወረቀት የምታስቸግረኝ። ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ሊማር የሚሄድ፣ ፊዚክስንም እንግሊዝኛንም ያለፈ ልጅ በአማርኛ ምክንያት ከደጅ ሲቀር ዩኒቨርሲቲው ምን አተረፈ? ለደንቡ የሚሟገት ሰው መልስ አያጣም። የዚያን ዘመን ምሩቅ ወዴት ይሄዳል? ወደ መንግሥት ቢሮ። የመንግሥት ደብዳቤ በምን ይጻፋል? በአማርኛ። እንግዲያው አማርኛ የማይጽፍ ምሩቅ የማይጽፍ ሹም ነው። ይህ ሙግት ከንቱ አይደለም፤ አገር የጋራ መነጋገሪያ ያስፈልጋታል። ግን አማርኛን አጣርቶ ለሚጽፍ ሹም ተብሎ የተዘረጋው ወንፊት የጥበብ ወንፊት ሆኖ ተገኘ፤ በሌላ ቋንቋ ተወልዶ ያደገው ልጅ ደግሞ ሁለት ባዕድ ቋንቋ ተሸክሞ፣ አንዱን ብቻ ከተሸከመው ጋር እኩል እንዲሮጥ ተደረገ።

ቅሬታው ሳይነገር አልቀረም። ነገር ግን በየትኛው ቋንቋ ተነገረ? የኮሌጅ ቀን የሚባለው በዓል በየዓመቱ ሲከበር ተማሪዎች የአማርኛ ግጥሞቻቸውን በንጉሡ ፊት ያነቡ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል»ን ካቀረበ ወዲህ ያ መድረክ የውዳሴ ብቻ መድረክ መሆኑ ቀረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ኢብሳ ኦሮሞ ነው፤ ጥያቄውን ያቀረበው ግን በአማርኛ ግጥም ነው። ማን አማራ፣ ማን ኦሮሞ፣ ማን ጉራጌ እያለ የሚሟገት ትውልድ የተሟገተበት ምላስ ያ የፈተናው ምላስ ነበር። በአንጻሩ ዋለልኝ መኰንን ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ያቀረበው ጽሑፍ፣ ኢትዮጵያዊ ለመባል የአማራን ባህልና ቋንቋ መልበስ ግድ ሆኗል ብሎ የከሰሰው ጽሑፍ፣ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የወሎው ልጅ አማርኛን በእንግሊዝኛ ከሰሰ፤ የወለጋው ልጅ ደግሞ አገሪቱን በአማርኛ ጠየቀ። ሁለቱንም ያበቃቸው ያው ባለ ሁለት ፊት በር ነው።

የኢብሳ ታሪክ በዚያ አላበቃም። ደርግ ወድቆ የሽግግር መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲቋቋም የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በየብሔረሰቡ ቋንቋ እንዲሰጥ መንገዱ የተጠረገው፣ ለኦሮምኛም በ1984 ዓ.ም. ቁቤ የተመረጠው በዚያ ሰሞን ነው። ድርጅቱ ከሽግግሩ መንግሥት ሲወጣ እርሱም ወንበሩን ለቀቀ። ዕድሜው አጭር ሹመት ነበር። ቢሆንም ተማሪ ሳለ በግጥም የጠየቀውን ሰው ሆኖ በመመሪያ ሊመልስ የሞከረ ገጣሚ በየዘመኑ አይገኝም፤ ግጥም ለሚሞክር የባንክ ጸሐፊ ደግሞ ይህ ትንሽ የሚያስቀና ነገር ነው።

የደርጉን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍ አስተምሯል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲው ደጅ ግን አሥራ አምስቱ አልደረሱም። እዚያ የሚጠብቀው እንግሊዝኛ ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን አጸና። በ1990ዎቹ ማትሪክ በአሥረኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዎች ሲተካ አማርኛ ከዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና ወጣ። እንግሊዝኛ ቀረ። እንደ ጥንቱ ግእዝ የማንም ያልሆነ ቋንቋ ነዋ! ማንንም አያስቀይምም።

አያስቀይምም ወይ? ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት በእንግሊዝኛው የጋራ ትምህርት ላይ መምህራችን በመጀመሪያው ቀን አንዲት አጭር ጽሑፍ አስጻፉን፤ ማን ምን ያህል እንደሚያውቅ ለመለየት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቶቹን መልሰው «በአማርኛ ላስረዳችሁ» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ተንፈስ አለ። ከጎኔ የተቀመጠው፣ ከሩቅ የገጠር ወረዳ የመጣውና በአፍ መፍቻ ቋንቋው ስምንተኛ ክፍል የደረሰው የዶርም ጓደኛዬ ግን ጎንበስ ብሎ «ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ዓመቱን ሙሉ መምህራኑ በየክፍሉ ወደ አማርኛ ሲሻገሩ እኔ ወደ እርሱ እየተሻገርሁ፣ በቀላል አማርኛና በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስተረጉምለት ነበር። አማርኛ ከፈተናው ወረቀት ላይ ወጥቷል፤ ከክፍሉ ውስጥ ግን አልወጣም። ያልተጻፈ መመዘኛ ከተጻፈው ይከፋል፤ ይግባኝ የሚባልበት ውጤት እንኳ የለውምና። የቅኔ ቤቱ ማብራሪያ ያልሁትም ይኸው ነው።

እንግሊዝኛውስ ቢሆን እኩል ባዕድ የሚሆነው ለማን ነው? በከተማ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ለተማረ የግል ትምህርት ቤት ልጅ እንደ ጎረቤት ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ወደየዩኒቨርሲቲው ተጓጉዘው በተፈተኑ ጊዜ ከመቶ 3.3 የሚሆኑት ብቻ ግማሹንና ከዚያ በላይ አመጡ። መንግሥት ለብዙዎቹ የማካካሻ ትምህርት ከፈተ፤ እንግሊዝኛም አንዱ ትምህርት ሆነ። ለውጤቱ ማነስ ብዙ ምክንያት ተሰጥቷል፤ ኩረጃ መከልከሉ፣ ወረርሽኙ፣ ጦርነቱ፣ የመምህራኑ አቅም። እኔ በበኩሌ የባዮሎጂውን ጥያቄ መልስ እያወቀ ጥያቄው ምን እንደሆነ ያልገባው ልጅ ስንት ነበር እያልሁ አስባለሁ። ይህን የሚለካ አምድ በውጤት ወረቀት ላይ የለም።

ባለፈው ዓመት ለገና ወደ ኤሱማ ቤት ሄጄ ስለዚያች ወረቀት ጠየቅኋቸው። አማርኛቸው ዛሬ ከእኔ ኦሮምኛ በእጅጉ ይሻላል፤ በእርሳቸው ቋንቋ ቢፈትኑኝ የእኔ ወረቀት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ከፈተናው የሚያስታውሱት አንድ ጥያቄ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የሚለውን ተረትና ምሳሌ አብራሩ የሚል ነበር።

«አገሩን አውቃለሁ፤ በሬውንም አውቃለሁ» አሉኝ። «ሠርዶ የምትለዋን ግን ሰምቻትም አላውቅ። የሰው ስም መሰለችኝና ስለ አንድ ሠርዶ ስለሚባል ገበሬ ጻፍሁ።»

ሣር መሆኑን ነገርኋቸው። ምን ዓይነት ሣር እንደሆነ ሲጠይቁኝ ለማስረዳት ተቸገርሁና ወደ ጓሮ ወጥተን አሳየኋቸው፤ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ በየአንጓው ሥር የሚሰድ ሣር። ጎንበስ ብለው አንዱን ነቀሉና አገላብጠው አዩት።

«ጮቆርሳ!» አሉ። ሽማግሌዎች ሲመርቁ በእጃቸው የሚይዙት፣ ለእርቅም ለሠርግም የማይቀር ሣር ነው። ኤሱማ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

ሣሩን እንደያዙ ወደ ቤት ተመለስን። ወረቀቷን ወደ ሣጥኑ ከመመለሳቸው በፊት ከሥር ሌላ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ፤ የጡረታ ሒሳባቸውን የሚያንቀሳቅሱበት ባንክ የላከላቸው ማስታወቂያ ነበር። መነጽራቸውን አጥተው እንደሆነ ገምቼ ላነብላቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«እንግሊዝኛውን አነበብሁት፤ በእንግሊዝኛ እኮ አልፌአለሁ» አሉ። «ባለቤቴ ግን ምን እንደሚል ጠይቃኛለች። በእኛ ቋንቋ ልትነግራት ትችላለህ?»