ከውሻ ጋር መሄድ ስፖርት ነውን?

ባለፈው ክረምት ሐኪሜ የደም ግፊቴን ለክቶ ሲያበቃ «ስፖርት ይሠራሉ?» ሲል ጠየቀኝ። «ጠዋትና ማታ ውሻዬን ይዤ እሄዳለሁ» አልኩት። ፈገግ አለና «እሱማ ለውሻው ነው፤ ለራስዎስ?» አለኝ። መልስ አጥቼ ወጣሁ። ጥያቄው ግን እስከ ቤቴ ተከተለኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በ58 ዓመቱ ልቡ የከዳው ሰው ነበርና ነገሩ ለእኔ ቀልድ አልሆነልኝም።

የሐኪሜ ፈገግታ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር «ኤሮቢክስ» የተሰኘውን መጽሐፉን ካሳተመ ወዲህ ብዙ ሰው ለጤና ይሮጥ ጀመር። በ1978 የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ያወጣው ምክርም ልብን በኃይል የሚያስመታ ሥልጠና የሚጠይቅ ነበር። ላብ የሌለበት ነገር ስፖርት አይባልም የሚለው እምነት በዚያ ዘመን ሥር ሰደደ። ከውሻ ጋር ማዝገም በዚህ ሚዛን ምንም አይመዝንም።

ይሁን እንጂ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1953 ጄሬሚ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ ነገር አሳይቶ ነበር። የጥናቱ መስክ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ነበሩ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ግን ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። አንድ መኪና፣ አንድ ጎዳና፣ አንድ አየር። የልብ ሕመም ግን በትኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ፣ ሲመጣም የዘገየና ገዳይነቱ የቀነሰ ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤ የሚያድሉ የፖስታ ሠራተኞችም ከቢሮ ጸሐፊዎች ጋር ሲነጻጸሩ ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር። ከእነዚያ ትኬት ቆራጮች መካከል «ስፖርት እየሠራሁ ነው» ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም። ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ስለ አባቴ መቀመጫ ለረጅም ጊዜ አሰብኩ።

ሞሪስና ባልደረቦቹ ግን ሐቀኞች ነበሩ። በ1956 የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ መዝገብ መርምረው የሾፌሮቹ ሱሪ ወገብ ገና በወጣትነታቸው ከትኬት ቆራጮቹ የሰፋ መሆኑን ራሳቸው አሳተሙ። ሰውን ያወፈረው ወንበሩ ነው ወይስ ወፍራሙ ሰው ነው ወንበሩን የመረጠው? ይህች ጥያቄ ኋላ ለውሻዬም ታስፈልገኛለች።

ከዚያ ወደ ጃፓን እንሻገር። በ1964 አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈ ማግስት፣ በ1965፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ «ማንፖ ኬይ» የተባለ እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ አቀረበ። ትርጉሙ «የዐሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ዐሥር ሺህ የተባለው ለስያሜ የተመቸ ቁጥር ስለነበር እንጂ በምርምር ተረጋግጦ አልነበረም። ቢሆንም ተራ እርምጃ የሚቆጠር ነገር ሆነ።

ሊቃውንቱም ቀስ በቀስ ተመለሱ። የሰውነት እንቅስቃሴን ሁሉ «ሜት» በሚባል መለኪያ መድበው መዘገቡ፤ አርፎ የተቀመጠ ሰው 1 ነው፤ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚጀምረው ከ3 ነው። በ2011 በታደሰው መዝገብ ላይ ውሻ ይዞ መሄድ ስንት ተሰጠው? ልክ 3! ከደፉ ላይ ቆሟል፤ ግን ውስጥ ነው። በ2018 የአሜሪካ፣ በ2020 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያዎች «ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ» የሚለውን የቀድሞ ግዴታ አነሱ። እንግዲህ ውሻዬ በየምሰሶው ሲያሸት መቆሜ ባይቆጠርልኝም የሄድኩት ግን አይሰረዝብኝም።

በ2019 በእንግሊዝ አገር የታተመ የሊቨርፑል ተመራማሪዎች ጥናት እንደሚለው፣ ውሻ ያላቸው ሰዎች በሳምንት 150 ደቂቃ የመንቀሳቀስን ግብ የማሟላት ዕድላቸው ከሌላቸው በአራት እጥፍ ይበልጣል። የሞሪስ ሱሪ እዚህ ላይ ይመለሳል፤ ውሻው ነው ሰውየውን ያስኬደው ወይስ መሄድ የሚወድ ሰው ነው ውሻ ያሳደገው? ስለ ሌላው አልፈርድም። ስለ ራሴ ግን አውቃለሁ፤ ውሻ ሳይኖረኝ የገዛሁት የስፖርት ጫማ ሁለት ዓመት አልጋ ሥር ተኝቷል። ዝናብ ምክንያት ነበር፣ ብርድ ምክንያት ነበር፣ መጽሐፍ ምክንያት ነበር። ውሻ ግን ምክንያት አይሰማም። ጎሕ ሲቀድ በሩን ይቧጭራል።

ሐኪሜ ጨርሶ ተሳስቷል አልልም። መመሪያዎቹ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከርንም ይጨምራሉ፤ ውሻዬ ክብደት አያነሣልኝም፤ አንዳንድ ቀንም ከእርምጃው ማሽተቱ ይበዛል። ስለዚህ ዳገቱን ፈጠን ብዬ መውጣት ጀምሬያለሁ። ውሻ በር ጠባቂ እንጂ የመንገድ ጓደኛ ባልነበረበት ሰፈራችን፣ አንዲት ጎረቤቴ እናት ገመዱን አይተው «ልጄ፣ ማነው ማንን የሚወስደው?» ይሉኛል። እስቃለሁ እንጂ አልመልስላቸውም። ውሻዬ ይወስደኛል፤ አባቴን ግን ከዚያ መሪ ላይ አስነሥቶ የሚወስደው አልነበረም።