የማይዋሽ ደብተር፦ ስለ ፖከር ቁጥሮች አጭር ታሪክ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ቁማር ልጽፍ ነው። አትደንግጡ፣ ጨዋታውን ላስተምራችሁ አይደለም። የታሪክ መምህር ነኝና እኔን የሚማርከኝ መዝገብ ነው። የኢንተርኔት ፖከር ደግሞ ሰው የገዛ ድክመቱን ቁጭ ብሎ በቁጥር እንዲያይ የሚያስገድድ መዝገብ ፈጥሯል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለረጅም ዘመን የፖከር ተጫዋች መዝገቡ ጭንቅላቱ ብቻ ነበር። ጭንቅላት ደግሞ አድሏዊ ጸሐፊ ነው። በመጨረሻዋ ካርታ የተነጠቀውን ትልቅ ገንዘብ ለዓመታት ያስታውሳል፤ በማይረባ ካርታ እየገባ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጠበውን ግን አይጽፍም። ስለዚህ የከሰረ ሁሉ ምክንያቱ አንድ ነበር፦ «ዕድል ጠመመብኝ!»

ይሄ መለወጥ የጀመረው በ1998 ፕላኔት ፖከር የተባለው ድረ ገጽ በእውነተኛ ገንዘብ ማጫወት ሲጀምር ነው። በኢንተርኔት ጨዋታ እያንዳንዱ ዙር በጽሑፍ ሊቀመጥ ይችላል፦ ማን የት ተቀመጠ፣ ስንት አስያዘ፣ መቼ ካርታውን ጣለ። በ2001 ፖከር ትራከር የሚባል ፕሮግራም መጣና እነዚህን ጽሑፎች እየለቀመ ወደ ሠንጠረዥ ቀየራቸው። በ2003 ደግሞ ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ የሂሳብ ሠራተኛ፣ በኢንተርኔት ውድድር ባገኘው መግቢያ ላስ ቬጋስ ሄዶ ከ839 ተወዳዳሪዎች መካከል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከዚያ በኋላማ ሰው ግልብጥ ብሎ ገባ፤ በ2006 የዚያው ውድድር ተሳታፊ 8,773 ደረሰ።

ሠንጠረዡ ምን ይነግራል? መጀመሪያ፣ ከ100 ዙር ውስጥ ስንቱን በፈቃድህ ገንዘብ አስገብተህ እንደተጫወትክ። ቀጥሎ፣ ከነዚያ በስንቱ አንተ ራስህ ውርርዱን እንዳሳደግክ። በ45ቱ ገብቶ በ6ቱ ብቻ የሚያሳድግ ሰው በሽታው ግልጽ ነው፦ ሁሉም ካርታ ያምረዋል፣ ሌላው የጠራውን እየተከተለ ይከፍላል።

ግን ቁጥር ማየት ብቻውን አይበቃም። ካርታ ከመታየቱ በፊት ሁለት ሰዎች በየተራ የግዴታ ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ትልቁን፣ ሌላው ትንሹን። ትልቁን በሚያስቀምጠው ወንበር ላይ በረጅም ጊዜ ጎበዙም ይከስራል። ስለዚህ «ከሰርኩ ወይ?» ማለት ዋጋ የለውም። ተማሪዎቼ የነበራችሁ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» የምትለዋን ጥያቄዬን መቼም አትረሷትም። በዚያ ወንበር 100 ጊዜ ተቀምጦ 100ውንም ጊዜ ካርታውን የሚጥል ሰው የሚያጣው ያንኑ የግዴታ ገንዘብ 100 እጥፍ ነው። መዝገቡ «130 እጥፍ አጥተሃል» ካለው፣ ምንም ሳይጫወት እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር ማለት ነው!

ሌላው ብዛት ነው። በ10,000 ዙር ውስጥ እንኳ ጎበዙ ከሳሪ፣ ደካማውም አትራፊ መስሎ ሊታይ ይችላል። «ስንት ጊዜ ገባሁ?» የሚለው ቁጥር ግን ቶሎ መልኩን ያሳያል። ለዚህ ነው ብልህ ተጫዋች ምርመራውን ከትርፉ ሳይሆን ከልማዱ የሚጀምረው። አንድ ልማድ ያርማል፣ ብዙ ሺህ ዙር ይጫወታል፣ ተመልሶ ያያል።

መዝገቡ ሌባም ይዟል። በ2007 አብሶሉት ፖከር በተባለው ድረ ገጽ፣ መግቢያው 1,000 ዶላር በሆነ ውድድር ላይ አንድ ተጫዋች የሰውን ካርታ የሚያይ ይመስል ነበር። ተሸናፊው የዙሮቹን ዝርዝር ሲጠይቅ የተላከለት ፋይል የሁሉንም ተጫዋቾች ድብቅ ካርታ የያዘ ሆኖ ተገኘ። ተጫዋቾች ተጋግዘው መረመሩት፤ ሰውዬው እውነትም እያየ ነበር የሚጫወተው። አልቲሜት ቤት በተባለው እህት ድረ ገጽም አንዳንድ አሸናፊዎችን ከሌላው ተጫዋች ጋር ሲያስተያዩ በዕድል ሊገኝ የማይችል ውጤት ወጣ። ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለተጎጂዎች ተመለሰ። በካናዳ ያለው የካናዋኬ ጨዋታ ኮሚሽን ዋና ተጠያቂ ያለው ማንን መሰላችሁ? የ1994ቱን የዓለም ሻምፒዮን!

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን በጥር 2017 በፒትስበርግ የሆነው ነው። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ቱማስ ሳንድሆልም እና ኖአም ብራውን የሠሩት ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም ከአራት ጎበዝ ተጫዋቾች ጋር በ20 ቀን 120,000 ዙር ተጫወተ። ማታ ማታ አራቱ ተሰብስበው የማሽኑን ቀዳዳ ይፈልጋሉ፤ ያገኙት ቀዳዳ ግን ብዙ ሳይቆይ ተደፍኖ ይጠብቃቸዋል። ለካ ሊብራተስ የሰዎቹን ድክመት ማሳደዱን ትቶ፣ እነሱ በውርርዳቸው የነካኩትን የራሱን ቀዳዳ ሌሊቱን በሱፐር ኮምፒውተር እያሰላ ይደፍን ኖሯል። በመጨረሻ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ቺፕ በልጦ አሸነፈ።

ይሄን ሁሉ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በየሰፈራችን የስፖርት ውርርድ ቤት ሞልቷል። «እኔ እኮ ስታትስቲክስ አጥንቼ ነው የምቆርጠው» የሚል ወጣትም ሞልቷል። የአርሰናልን የአምስት ጨዋታ ውጤት በቃሉ ይወጣዋል፤ ባለፉት አምስት ወራት እሱ ራሱ ስንት እንደተበላ ጠይቁት፣ አያውቅም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

ልዩነቱንም ልብ በሉ። በፖከር ባላንጣህ እንዳንተው ሰው ነው፤ ቤቱ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፣ ልማዱን ያረመ ግን ሌላውን ሊበልጥ ይችላል። በስፖርት ውርርድ ዋጋ የሚተምነው ቤቱ ራሱ ነው፣ ትርፉንም አስቀድሞ ዋጋው ውስጥ ያስገባል።

ስለዚህ ለምትቆርጡ ልጆቼ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። አንድ ደብተር ግዙ። የቆረጣችሁትን ትኬት ሁሉ፣ የበላችሁበትንም የተበላችሁበትንም፣ ሳትመርጡ ጻፉ። ከሦስት ወር በኋላ ደምሩት። ከዚያ ያቺን የድሮ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከምን ጋር ሲነጻጸር? ጭራሽ ካለመቁረጥ ጋር። መልሱን ለኔ መንገር አይጠበቅባችሁም፤ ለራሳችሁ ግን አትደብቁ።

ቸር ሰንብቱ።