የማስረጃ ሸክም በጦር ሠፈር፤ የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴርና ያሰናበታቸው ወታደሮች ክርክር

የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ሕግ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት ያላነሰ ሁለት ወንዶች በገዛ ፈቃዳቸው በግል ሥፍራ የሚፈጽሙትን ግንኙነት ከወንጀልነት አወጣ፤ ለጦር ኃይሎች ግን በሩን እንደ ዘጋው ተወው። ስለዚህም ከሠፈሩ አጥር ውጭ ላለው ሲቪል የተፈቀደው ነገር፣ ከአጥሩ ውስጥ ላለው ወታደር በ1955ቱ የምድር ጦርና የአየር ኃይል ሕጎች እንዲሁም በ1957ቱ የባሕር ኃይል ዲሲፕሊን ሕግ መሠረት ማስቀጣቱን ቀጠለ። ፓርላማው ይህን ልዩነት ያነሣው ከ27 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ሲያነሣም አንድ ነገር አስቀረ፤ ይኸውም ድርጊቱ ወታደሩን በወንጀል ባያስከስሰውም ከሠራዊቱ ለማሰናበት በቂ ምክንያት ሆኖ እንዲኖር የሚያደርግ ድንጋጌ ነው። ሴት ወታደሮችም፣ በሲቪሉ ሕግ በኩል እንዲህ ያለ የወንጀል ክልከላ ኖሮባቸው ባያውቅም፣ በዚሁ ምክንያት ይሰናበቱ ነበር።

ከዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባል። የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በወንጀልነት ስለሚቀጣ፣ የሁለቱ አገሮች ሕግ የሚነሣበት ሥፍራ የተለያየ ነው። እዚህ የምንከተለው የብሪታንያን ታሪክ ብቻ ነው። የሕግ ባለሙያን ዓይን የሚስበውም ነገር ከዚያው ይጀምራል፤ ድርጊቱ በዚያ አገር ወንጀል መሆኑ ካበቃ በኋላ ሚኒስቴሩ የሚደገፍበት የወንጀል ሕግ አልነበረውም። የቀረው ምክንያት ብቻ ነበር፤ ምክንያት ደግሞ ማስረጃ ይጠየቅበታል።

ለክርክሩ ፊታቸውን የሰጡት አራት ሰዎች ናቸው። ጄኔት ስሚዝ በአየር ኃይል ውስጥ ነርስ ነበረች፤ ግሬም ግሬዲ የአየር ኃይሉ ሳጅን፤ ደንካን ለስቲግ ፕሪን በባሕር ኃይል የሻለቃ ማዕረግ የነበረው መኮንን፤ ጆን ቤኬት ደግሞ የባሕር ኃይል ባለሙያ ወታደር። በአራቱም ላይ የቀረበ የሥራ ጉድለት ወይም የሥነ ሥርዓት ጥፋት አልነበረም። ስሚዝ በ1994 ሰኔ ወር ስሟን ያልገለጸች አንዲት ሴት ለአለቆቿ ጥቆማ በማድረሷ ተጠርታ በአየር ኃይሉ ፖሊስ ተጠየቀች፤ ጥያቄውም ስለ ግል ኑሮዋ ዝርዝር ጉዳይ ድረስ ዘለቀ። ግሬዲም እንዲሁ። ሁለቱም የሚያፈቅሩት የራሳቸውን ፆታ መሆኑን ካመኑ በኋላ እንኳ ምርመራው አልቆመም፤ ይህ ነጥብ ኋላ በስትራስቡርግ ከባድ ሚዛን የተሰጠው ነው። የሚፈለገው ቃል ከተገኘ በኋላ ምርመራው ለምን ቀጠለ? ሚኒስቴሩ ከሠራዊቱ ለመውጣት ሲል በሐሰት የሚያምን እንዳይኖር ለማጣራት ነው ብሎ መለሰ። አራቱ ሰዎች ግን ከሠራዊቱ መውጣት ሳይሆን መቆየት የሚፈልጉ ነበሩ።

ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1995 በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛው ሳይመን ብራውን በክርክሩ ሚዛን አመልካቾቹ እንደሚበልጡ በግልጽ ጻፉ፤ ፖሊሲውም ብዙ ዕድሜ ይኖረዋል ብለው እንደማይገምቱ አልደበቁም። ሆኖም አቤቱታውን ውድቅ አደረጉ። ምክንያቱም የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የአስተዳደርን ውሳኔ ይመረምር የነበረው ከ1948ቱ የዌድንስበሪ ጉዳይ በወረሰው መለኪያ ነው፤ ውሳኔው ማንም አስተዋይ ባለሥልጣን ሊደርስበት የማይችል ካልሆነ በቀር ዳኛው እጁን አያስገባም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በሰር ቶማስ ቢንግሃም መሪነት ውሳኔውን አጸና። ቢንግሃም ጣልቃ ገብነቱ የሰውን መሠረታዊ መብት ይበልጥ በነካ ቁጥር ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ምክንያትም ይበልጥ ጠንካራ እንደሚሆን ተቀበሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም የፓርላማ ምክር ቤቶች የደገፉትን ፖሊሲ አእምሮ የማይቀበለው ነው ለማለት አልደፈሩም።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከወጣ ወዲህ ለእኛም ባልደረቦች ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ዳኛ አስተዳደሩ ተሳስቷል ብሎ እያመነ ውሳኔውን ሊያጸናው ይችላልን? ብራውን ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ያደረጉትም በቅን ልቡና ነው።

ሚኒስቴሩ በበኩሉ ክርክሩ እንደማያበቃ ስለ ተረዳ ከሲቪል ሠራተኞቹና ከሦስቱ የጦር ክፍሎች የተውጣጣ የጥናት ቡድን አቋቁሞ፣ ቡድኑ ሪፖርቱን እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ አቀረበ። ቡድኑ ለወታደሮች መጠይቅ አሰራጨ፤ የውጭ አገሮችንም ሠራዊት ጎበኘ። የሪፖርቱ ጠቃሚ ክፍል ግን ሚኒስቴሩን የማያስደስተው ነበር ማለት ይቻላል። ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ወታደሮች በአካል ብቃት፣ በጀግንነት፣ በታማኝነትና በሙያ ከሌሎቹ ያንሳሉ የሚል መደምደሚያ ከቶ አልሰጠም። ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረው የደኅንነት ሥጋት፣ ማለት ምሥጢሩን በሚያውቅ ጠላት እጅ ይወድቃል የሚለውም፣ ሲመረመር ክብደት አጣ። እውነቱን ለመናገር ይህ ምክንያት ድሮም የዞረበት ነበር፤ ወታደሩን ለማስፈራሪያ ያጋለጠው ምሥጢሩ ሲሆን፣ ምሥጢር እንዲያደርገው ያስገደደው ደግሞ የማሰናበቱ ደንብ ራሱ ነው።

ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው የባልንጀሮች ስሜት ነው። ሪፖርቱ የጦሩ የመዋጋት ኃይል ይቀንሳል ያለው ሌሎቹ ወታደሮች አብረዋቸው ለመኖር ስለማይወዱ ነው። ይህን በቸልታ ማለፍ አይገባም። የጦር መርከብ ቢሮ አይደለም፤ ወታደር ከባልደረባው ጋር በጠባብ ክፍል ይተኛል፣ በአንድ መታጠቢያ ይታጠባል፣ ነፍሱንም ያደራውን ያህል ይተማመንበታል። የሠራዊቱ አለቆች በዚህ መተማመን ላይ መፍራታቸው ከጥላቻ ብቻ የመጣ ነው ማለት ሚዛናዊ አይሆንም። ጥያቄው ግን ፍርሃታቸው በምን ተረጋገጠ የሚል ነው። ቡድኑ የጠየቀው ወታደሮች ምን ይሰማቸው እንደሆነ እንጂ፣ በክፍሉ ውስጥ ምን እንደ ደረሰ አልነበረም። ለስቲግ ፕሪንና ግሬዲ ለብዙ ዓመታት ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ የእነርሱ ክፍሎች የመዋጋት ኃይል በእነርሱ ምክንያት ቀነሰ የሚል መዝገብ አልቀረበም።

የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት መስከረም 27 ቀን 1999 (እ.ኤ.አ.) ውሳኔውን የሰጠው በዚሁ ክፍተት ላይ ቆሞ ነው። ምርመራውም ስንብቱም የግል ሕይወትን መብት የጣሱ ናቸው አለ። የአብዛኛው ሠራዊት አስቀድሞ የያዘው አሉታዊ ስሜት፣ በዘር ወይም በቀለም ላይ የሚነሣ ተመሳሳይ ስሜት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ሁሉ፣ ለስንብት በቂ ምክንያት አይሆንም ሲል ወሰነ። በተጨማሪም ሴቶችና ልዩ ልዩ ዘሮች ወደ ሠራዊቱ ሲገቡ የተነሣውን ችግር ሚኒስቴሩ በሥነ ምግባር ደንብ እንደ ፈታው አስታወሰ። ብራውንና ቢንግሃም የተገደቡበትን የዌድንስበሪን መለኪያም አልማረውም፤ የመሰናክሉ ከፍታ የመብት ጥያቄውን ከነጭራሹ ከፍርድ ቤቱ ዓይን ያወጣዋል ብሎ፣ አመልካቾቹ በአገራቸው ውጤት ያለው የሕግ መፍትሔ አላገኙም አለ። የእንግሊዝ ጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 በዴሊ ጉዳይ የተመጣጣኝነትን መለኪያ ሲያጸና የጠቀሰው ይህንኑ የስሚዝን ጉዳይ ነው።

የዘሩ ንጽጽር ለእኛ አንባቢያን የተለየ ትርጉም አለው። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1948 የአሜሪካን ሠራዊት የዘር መለያየት እንዲቀር ሲያዝዙ ጄኔራሎቹ ያቀረቡት መቃወሚያ ነጩ ከጥቁሩ ጎን አይተኛም፣ የክፍሉ አንድነት ይፈርሳል የሚል ነበር። የቃኘው ሻለቃ ጦር በግንቦት 1951 ኮሪያ ደርሶ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ሲሰለፍ፣ ያ ትእዛዝ ገና በሥራ ላይ እየዋለ ነበር። የእኛ ሰዎች በዚያ የፈጸሙት ሥራ የታወቀ ስለሆነ እዚህ አልዘረዝረውም። ሁለቱ ጉዳዮች በሁሉም ነገር አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ የመቃወሚያው አሠራር ግን አንድ ነው፤ የአንዱን ብቃት ለመመዘን የሌላውን ስሜት ይጠይቃል።

ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 2000 ክልከላውን አነሣ። በምትኩ ያወጣው የማኅበራዊ ጠባይ ደንብ ሁሉንም ወታደር እኩል የሚይዝ ነው፤ ጥያቄው ሰውየው ማንን ያፈቅራል የሚል መሆኑ ቀርቶ፣ ጠባዩ የክፍሉን ሥራ ይጎዳል ወይ የሚል ሆነ። የተፈራው መፍረስ አልመጣም። ብሪታንያ ከዚያ በኋላ በኢራቅም በአፍጋኒስታንም የተዋጋችው በዚሁ ደንብ ነው። አሜሪካ ወታደሩ እስካልተናገረ ድረስ አለቃው እንዳይጠይቀው የሚለውን የ1993ቱን ሕግ ይዛ እስከ 2011 ዘገየች።

የቀድሞዎቹ ተሰናባቾች ጉዳይ ግን ከ2000 በኋላም ለሁለት ዓሠርት ዓመታት ያህል ሰሚ አላገኘም። ጆ ኡሳሊስ 18 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በባሕር ኃይል የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ፣ በፎክላንድ ጦርነትም ተካፍሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሰናበት የረጅም ዘመን አገልግሎትና የመልካም ጠባይ ሜዳዩን ከደረቱ ነጥቀው አስቀርተውበታል። ሜዳዩ የተመለሰለት ሚኒስቴሩን ከከሰሰ በኋላ፣ በጥር 2020 ነው። ከ1967 እስከ 2000 የደረሰውን እንዲመረምሩ የተሾሙት የቀድሞው ከፍተኛ ዳኛ ሎርድ ኤዘርተን ሪፖርታቸውን 49 የመፍትሔ ሐሳቦች ጨምረው በሐምሌ 2023 ሲያቀርቡ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ በመንግሥት ስም በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። በታኅሣሥ 2024 መንግሥቱ 75 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ፤ በዚህ ምክንያት ለተሰናበተ ለእያንዳንዱ ሰው 50,000 ፓውንድ፣ ምርመራው፣ እንግልቱ ወይም እስሩ ለጎዳው ደግሞ እስከ 20,000 ፓውንድ ተጨማሪ እንዲከፈል ተወሰነ።