በላስታ ጐዳና መንገድ ስለ መልቀቅ

በመንገድ ላይ የሚነሣው ጠብ ከአውቶሞቢል ጋር አብሮ ወደ አገራችን የገባ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የጉዞን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሰን ስንመረምረው ነገሩ ከመኪና የቀደመ ሆኖ እናገኘዋለን። ሁለት መንገደኞች በጠባብ ስፍራ በተገናኙ ጊዜ «ማን ለማን ይልቀቅ?» የሚለው ጥያቄ ጥንታዊ ነው። ለዚህም ከላስታ ተራሮች የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ከላሊበላ ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዋሻ ውስጥ የታነጸው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማው የሚወስደው ጐዳና በአቅራቢያው ያልፋል። በዚህ አገር ጐዳና ላይ ባለ ዘንጉ ተሳላሚ፥ የተጫነች አህያ፥ በጎቹን የሚነዳ እረኛ፥ ባጃጅና የጭነት መኪና በአንድነት ይጓዛሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገና በዓል ወደ ላሊበላ ስንወጣ አንድ አውቶቡስና አንድ የጭነት መኪና በጠባብ ጠመዝማዛ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። አንዱ ሹፌር «ሽቅብ የምወጣው እኔ ነኝ» ይላል፤ ሌላው «ከባድ ጭነት የያዝሁ እኔ ነኝ» ይላል። ሁለቱም ጡሩንባቸውን እየነፉ ወደ ኋላ መመለስን እንደ ውርደት ቈጠሩት። ከኋላቸው የመኪናው ሰልፍ እየረዘመ ሲሄድ በእግር የሚጓዙት ተሳላሚዎች ግን «እግዜር ያስማማችሁ» እያሉ በመካከላቸው አለፉ። እኛም ተቀምጠን ቀረን።

አባቶቻችን ይህን ጥያቄ በማዕርግ ይፈቱት ነበር። በቅሎ የተቀመጠ ሰው ከበላዩ መኰንን ጋር በተገናኘ ጊዜ ከበቅሎው ወርዶ፥ ልብሱን አደግድጎ፥ ከመንገዱ ጠርዝ ይቆማል። በዚህ ሥርዐት ጠብ እምብዛም አይነሣም ነበር፤ ነገር ግን ሸክም የከበደው ድኻ ሸክም ለሌለው ጌታ ገለል እንዲል ያስገድድ ስለ ነበረ ፍትሕም አልነበረበትም።

ከላስታ በስተደቡብ በሚገኙት በዋድላና በደላንታ ከፍታዎች ግን በ1860 ዓ.ም. ሌላ ነገር ታየ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ያህል የሚገመተውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ ገደሉ እየተናደ፥ ዐለቱ እየተፈለጠ ለመንኰራኵር የሚሆን መንገድ ተጠረገ። ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። መንኰራኵር የሰውን ማዕርግ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የመንገዱን ስፋትና የቍልቍለቱን ልክ ነው።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ገባ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጐዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ደግሞ በግራ በኩል ይነዳ የነበረው ተሽከርካሪ ሁሉ ወደ ቀኝ እንዲዛወር ተደረገ፤ ስዊድን እንኳ ይህንኑ ለውጥ ያደረገችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የዚህን ቀን ትርጕም ልብ ልንለው ይገባል። የቀኝ መስመር ለመኰንንም፥ ለነጋዴም፥ ለሹፌርም አንድ ነው፤ ማንም በዘሩ ወይም በሹመቱ የሌላውን መስመር ሊወስድ አይችልም። ከዚያም በኋላ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ብሎ የሚጠራው ከወረታ እስከ ወልድያ ያለው ጐዳና በደርግ ዘመን ተሠርቶ፥ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚገባው መንገደኛ በዛ።

እንግዲህ መንገዱ ተለውጧል፤ ሕጉም ተለውጧል። ያልተለወጠው የእኛ ልብ ነው። ቀድሞ በማዕርግ የነበረው ትዕቢት ዛሬ ወደ መኪናው ክብደት ተዛውሯል። ትልቁ መኪና ትንሹን ያስፈራራል፤ ትንሹ ደግሞ ባለ አህያውን በጡሩንባ ያስደነግጣል፤ ባለ አህያውም ንዴቱን በአህያይቱ ጀርባ ላይ ይወጣል። እንዲህ እየሆነ አሮጌው ሥርዐት ያለ ዳኛ ቀርቶልናል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በገደል አፋፍ ላይ የፈሰሰው ግን የሰው ሕይወት ስለ ሆነ ተመልሶ አይለቀምም።

በላስታ እንደሚተረከው ንጉሥ ላሊበላ በሕይወቱ ሳለ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቅቆ ነበር። ኋላም ድኻ መበደሉ በተሰማ ጊዜ ወደ ዙፋኑ ተመለሰ ይባላል። ትረካው መልቀቅ ውርደት እንዳልሆነ፥ መያዝም ለደካማው ሲባል እንደሚገባ ያስተምራል። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩ፥ ሹማምንትም በመንገድ ላይ ራሳቸው ቀድመው ቢፈጽሙት፥ ከብዙ ቅጣት ይልቅ የሚጠቅም ይመስለናል። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ችግሩ የተፈታው የአውቶቡሱ ሹፌር ዐሥር ክንድ ያህል ወደ ኋላ በተመለሰ ጊዜ ነበር። ዐሥሩን ክንድ ለመመለስ የፈጀው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ላለመመለስ የተከራከሩበት ግን ከአንድ ሰዓት ይበልጥ ነበር።