ልብሱ ተመዘገበ፣ ውዝዋዜው ቀረ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 18 ቀን 1892 ኒው ዮርክ ላይ ያስቻሉት ዳኛ ላኮምብ አንድ የዕግድ አቤቱታ ውድቅ አደረጉ። አመልካቿ በ1862 በኢሊኖይ ግዛት የተወለደችው ተወዛዋዥ ሎይ ፉለር ነበረች። ጥያቄዋ «የእባብ ውዝዋዜ» የተባለውን ፈጠራዋን ሚኒ ቤሚስ በመድረክ እንዳታቀርብባት ነው። የውዝዋዜውን አካሄድ በጽሑፍ ዘርዝራ ለቅጂ መብት አስገብታ ነበር። ዳኛው ግን ታሪክ የማይተርክ፣ ገጸ ባሕርይ የማይወክል፣ ስሜት የማይገልጽ የሰውነት እንቅስቃሴ የድራማ ድርሰት ሊባል አይችልም አሉ።

ዳኛው በወረቀት ላይ ያነበቡት እርምጃውን ነው። ተመልካች ያየው ግን ሌላ ነበር። መድረኩ ይጨልማል፤ ተወዛዋዧ በሰፊው የተቆረጠ ስስ ነጭ ሐር ለብሳ ትወጣለች። ክንዷን ስታነሣ ሐሩ ያብጣል፣ ስታዞረው ይጠቀለላል፣ ሰውነቷም ውስጡ ይሰወራል። ባለቀለም መስታወት የተጋረደባቸው የኤሌክትሪክ መብራቶች ነጩን ጨርቅ አንዴ ቀይ፣ አንዴ ሰማያዊ ያደርጉታል። ክንዷ ካረፈ ሐሩ ይወድቃል፤ ሐሩ ከወደቀም ትርኢቱ አለቀ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ፓሪስ በሚገኘው ፎሊ ቤርዤር የትርኢት አዳራሽ ቀረበች። እዚያም የእሷኑ ውዝዋዜ የምታሳይ ሌላ ተወዛዋዥ ቀድማት ገብታ ነበር። ፓሪስ ግን ፉለርን ተቀበለቻት። ቱሉዝ ሎትሬክ በ1893 የሠራት የድንጋይ ኅትመት ቅጂዎች በቀለም አንዱ ከሌላው ይለያሉ፤ ሠዓሊው የሚለዋወጠው ብርሃን እንዳይጠፋበት የተጨነቀ ይመስላል።

ፍርድ ቤት የነሣትን በሌላ በር ጠየቀች። ኤፕሪል 17 ቀን 1894 የአሜሪካ መንግሥት በቁጥር 518347 ለተወዛዋዦች ልብስ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሰጣት። የሰነዱ ዋና ነገር ከቀሚሱ ጋር የተያያዙ ሁለት ዘንጎች ናቸው፤ ክንድን ያስረዝማሉ፣ ከትከሻ የተነሣው ማዕበልም እስከ ጨርቁ ጠርዝ እንዲደርስ ያደርጋሉ። ከታች ብርሃን ለሚያሳልፍ የመስታወት ወለልና ለመስተዋት አቀማመጥም እንዲሁ መብት አወጣች።

ሕጉ በዚህ መንገድ አንዱን ሥራ ለሁለት ከፈለው፦ ጨርቁን ጠበቀ፣ ጨርቁን ያስነሣውን ክንድ ተወ። ጉዳቱ ዛሬም ይታያል። በኤዲሰን ስቱዲዮ የተቀረጸውና ዝነኛው የእባብ ውዝዋዜ ፊልም የሚያሳየን ሌላዋን ተወዛዋዥ አናቤል ሙርን እንጂ ፉለርን አይደለም።

ፉለር በ1928 ፓሪስ ውስጥ አረፈች። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ውዝዋዜን በስሙ ጠርቶ ያካተተው በ1976 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለውም በ1978። ለእሷ ግን ዘግይቷል። የዘንጎቹ ሥዕል ከነቁጥሩ በመዝገብ ተቀምጧል፤ ዘንጎቹን የያዘው እጅ እንዴት እንደዞረ ግን የተመልካቾች ምስክርነትና የሠዓሊው ቀለም ይናገራሉ። ታሪኳን የሚጽፍ ሰው ሦስቱን ጎን ለጎን ማንበብ አለበት፤ ሐሩ ብቻውን ጨርቅ ነውና።